ጃንጥላውን የሰቀልኩበት ኮረብታ

መንገድ ጠይቄ አላውቅም። ቂርቆስ ተወልዶ ያደገ ሰው ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም። ልጆች ሳለን አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መሀል ሰፈር ቆሞ ግራ ቀኝ ሲያይ ካገኘን «ፋራ ገባ!» ተባብለን እንከበው ነበር። ኡራኤልን ለሚፈልገው ጎተራን፣ ጎተራን ለሚፈልገው ኡራኤልን እናሳየዋለን። ሰውየው አመስግኖን ይሄዳል፣ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ካደግኩ በኋላ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጠርኩና ዕድሜዬን በሙሉ ባለጉዳይ ስመራ ኖርኩ፤ «ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ አራተኛው በር»። ማንም «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም። ሊለኝ የፈለገም ፊቴን ሲያይ ይተወዋል።

ጓደኛዬ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ቧንቧ ላይ ጀሪካን አሰልፈን አብረን ያደግን ሴት ናት። አግብታ ካዛንቺስ ገባች። ባሏ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሳይገባ ሞተባትና አንድ ልጇን ይዛ ከቤቷ ደጃፍ ላይ በከፈተቻት ትንሽ ሱቅ ኖረች። እሷ ለስላሳ ናት። እኔ ምላሴ ምላጭ ነው፣ ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ እየሳቀች «አንቺ ካልተቆጣሽኝ የታመምኩ ይመስለኛል» ብላኛለች። እኔ ሞኟ ይሄን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሳልቆጣት የዋልኩበት ቀን የለም።

ስኳር በሽታ ያዛት። መጀመሪያ እግሯን አደነዘዘው፣ ቀጥሎ ዓይኗን ወሰደው። ጨርሶ አልጨለመባትም፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ሰው ከፊቷ ሲቆም «አንድ ነገር ቆሟል» ትላለች። በዚያው ሰሞን ልጇ ሳይነግራት ተነስቶ በበረሃ፣ ከዚያም በባሕር ወደ አረብ አገር ሄደ። ስምንት ወር ድምፁ ጠፋ። ስምንት ወር ሙሉ ስልኳን ጡቷ ሥር ይዛ ነው የተኛችው። ያኔ ነው የተሳለችው፦ «እመቤቴ፣ ልጄን በሕይወት ካመጣሽልኝ፣ በሐይቁ ደሴት ላይ ወዳለው ደብርሽ በባዶ እግሬ ወጥቼ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ አስገባለሁ።» ደሴቱ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። ሆስፒታል ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ናት እዚያ የተሳለ ሰው አያፍርም ያለቻት።

ልጁ መጣ። ተይዞ፣ ታስሮ፣ ተጠርዞ፣ አንድ ፌስታል ይዞ መጣ። ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አጥንቱ ብቻ ቀርቶ «ማዘር፣ ወፈርሽ» ብሎ ፎገረኝ፤ እኔም «አንተ ደግሞ ራጅ መስለሃል» አልኩት። እናቱ ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ ጆሮውን፣ ጥርሱን ሳይቀር ቆጠረች። ያን ቀን የመንደሩ ሴት በሙሉ እልል አለ።

ከዚያ በኋላ ግን ሰላም አላገኘችም። ስለት የተሰማለት ሰው ካላደረሰ የተሰጠው ይወሰድበታል፣ እንዲህ ብለን ነው ያደግነው። ልጁ ሱቅ ድረስ ሲሄድ «ስለቴን ሳላደርስ ከዓይኔ አትራቅ» ትለዋለች። «ዓይን የሌላት ሴት ከዓይኔ አትራቅ ትላለች እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት። አብራኝ ሳቀች። ጃንጥላው ተሠርቶ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ፣ ከውስጥ በኩል የልጇ የክርስትና ስም የተጠለፈበት። በዚያው መሀል ካዛንቺስ ሰፈሩ ፈረሰና ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ ከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ። ሱቋም ቀረ። የልጁ ሥራ ፍለጋም ከዚያ ጫፍ ሆነ።

የደብሩ በዓል ሲደርስ የሰፈር ማኅበርተኛ አውቶቡስ ተከራይቶ ወደ ደሴቱ ይሄዳል። መሪ አላቸው፣ ካህን አላቸው፣ መንገዱን ያውቁታል። አራት ወር ብቻ ነበር የቀረው፤ እሷም ልትጠብቅ ነበር። እኔ ነኝ አልጠብቅ ያልኩት። «አራት ወር ሙሉ ልጁን እንደ በግ አስረሽ ልትኖሪ ነው? ደግሞ ያ ሁሉ ባልቴት አውቶቡስ ውስጥ ሲያዜም፣ ሲያስመልሰው… በቃ፣ ቅዳሜ እኔ እወስድሻለሁ» አልኳት። ልጁ «ማዘር፣ ፈቃድ ልጠይቅና አብሬ ልሂድ፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰውም ልፈልግ» አለኝ። የቀን ሥራ ከጀመረ ሳምንቱ ነበር። «አንተ ሥራህን ሥራ። እኔን ነው መንገድ የምታስተምረኝ?» አልኩት። ሳቀና ተወው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ከቃሊቲ አውቶቡስ ይዘን ዝዋይ ገባን። ጃንጥላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ወደቡ ላይ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ባለጀልባ አገኘን። ንፋስ ነበር፤ ጀልባዋ ስትዘል እሷ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች፣ እኔ «ዝም በይ፣ ሰውየውን አታስደንግጪው» እላታለሁ። ሰውየው ግን የሚደነግጥ ዓይነት አልነበረም።

ደሴቱ ጋ ስንደርስ ቀዘፋውን አቆመና «እናቶች፣ በመንደሩ በኩል ማዕበሉ አያስጠጋኝም። እዚህ ላውርዳችሁ። የውሃውን ዳር ዳር ይዛችሁ ዙሩ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ መንደር ታገኛላችሁ። እዚያ ጠይቁ፤ የሚያወጣችሁ ሰው ይሰጧችኋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃችኋለሁ» አለን። ንግግሩ ጥርት ያለ ነበር፣ አልሰማሁም አልልም። «ጠይቁ» የምትለዋ ቃል ናት የነከሰችኝ። ቀና ስል ደግሞ ከፊታችን ቀጥ ያለ ኮረብታ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ጣራ ነው አልኩ። እዚህ አፍንጫችን ሥር ያለን ነገር መንደር ለመንደር ዞሮ መጠየቅ ምን የሚሉት ፋራነት ነው? «ገባኝ፣ ገባኝ» አልኩና እጇን ይዤ ቀጥታ ወደ ላይ።

መንገድ የሚባል ነገር የለውም። የፍየል እግር ያረፈበት ምልክት እንኳ የለም። ከታች ሣር የመሰለኝ ነገር ስንገባበት እስከ ወገብ የሚደርስ እሾህ ሆነ፤ ከእሾሁ ሥር ድንጋዩ ልቅ ነው፣ ሲረግጡት ይንከባለላል። ነጠላዬን ጠምዝዤ አንዱን ጫፍ ለእሷ ሰጠኋት፣ ሌላውን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ከዚያ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«በባዶ እግሬ ብዬ አይደል የተሳልኩት?»

«ሐኪሙ ምን ብሎሻል? ቤት ውስጥ እንኳ ነጠላ ጫማ ሳታደርጊ አትራመጂ አላለሽም?»

«ሐኪሙ ልጄን አላመጣልኝም» አለች። ጫማዋን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ፣ ያዝኩላት። ያን ጊዜ ነበር ማቆም የሚገባኝ። የስኳር በሽተኛ እግር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴን ያጣሁት በእሱ ነው። ግን መከራከር ጊዜ ይፈጃል፣ እኔ ደግሞ ቶሎ ወጥቼ ትክክል መሆኔን ማየት ፈልጌያለሁ።

አወጣጣችንን ማሰብ አልወድም፤ የወጣነውን ያህል ተሳድቤያለሁና። እሷ ትወድቃለች፣ እኔ እጎትታታለሁ። «እግርሽን አንሺ እንጂ! ሬሳ ነው እንዴ የምጎትተው?» እላታለሁ። «ያንን ለስላሳ በሱቅሽ እየከፈትሽ ስትጋቺው ጊዜ ማን ነበር የሚጎትትሽ?» እላታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቁልቁል ተንሸራታ በጉልበቷ አረፈች፤ ጃንጥላውን ላለመልቀቅ ብላ መሬቱን በክርኗ ነው የያዘችው። ደሟን አየሁ። «ተጎዳሽ?» በማለት ፈንታ «ጃንጥላው ተቀደደ?» አልኳት። ዳሰሰችውና «ደህና ነው፣ እመቤቴ ትመስገን» አለች። እግሯ ስለደነዘዘ እሾሁ አልተሰማትም። ውስጥ እግሯ ላይ አራት አምስት ቦታ ተሰክቶ ዝም ብላ ትራመዳለች፤ እኔ ከፊት ስለሆንኩ አላየሁም፣ ዞሬም አላየሁ።

መሀል ላይ «እርግጠኛ ነሽ ግን?» አለችኝ። አርባ ምናምን ዓመት ስንተዋወቅ እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም በቃ ደሜ ፈላ። «አንቺ ነሽ የምታዪው እኔ? ጣራው ይታየኛል እኮ! ካላመንሽኝ እዚሁ ልተውሽ!» አልኳት። ነጠላውን ከወገቤ ፈትቼ ጣልኩት። እሷ ጨርቁ ሲላላ ተሰማት። በእሾህ መሀል ጃንጥላውን በብብቷ ይዛ ሁለት እጇን ዘርግታ «አለሽ? እህቴ፣ አለሽ?» እያለች ቆመች። ሁለት እርምጃ ርቄ ዝም ብዬ አየኋት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ልታለቅስ ስትል ነው የመለስኩላት። ነጠላውን አንስቼ ወገቤ ላይ መልሼ እያሰርኩ «ታዲያ ዝም ብለሽ ተከተይኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

ጫፉ ላይ ወጣን። ቤተ ክርስቲያን የለም። ትልልቅ ድንጋዮች ናቸው፣ የውሃ ወፎች ለዘመናት ኩሳቸውን ጥለውባቸው ኖራ የተቀቡ መስለዋል። አንድ የደረቀ ግራር፣ ላዩ ላይ ጥቋቁር ወፎች። ሌላ ምንም። ዞር ብዬ ስመለከት ከገደሉ ማዶ፣ በሌላው ኮረብታ አናት ላይ፣ በዛፍ የተከበበ ቆርቆሮ ጣራ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ከመንደሩ ወደዚያ የሚወጣው መንገድ ሰፊ ነው፤ አህያ ጭና የምትወጣ ሴት እንኳ ይታየኝ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፣ ስምንት ሊሆን ነው። ወርደን እንደገና ለመውጣት ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። እሷ ደግሞ ላቧ ከደሟ ጋር እየወረደ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ቆማለች።

«ደረስን?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ «ኮረብታው ሌላ ነው»። ማኅበርተኛው በአራት ወር ይሄዳል፣ ጃንጥላውን ይዘን እንመለሳለን፣ ትስቃለች፣ ሰፈሩ ይስቅብኛል፣ አለቀ። ግን ያን ሁሉ ስድብ ተሳድቤ፣ ያንን ሁሉ ጎትቼ፣ «ተሳሳትኩ» የምትለዋ ቃል ከአፌ እምቢ አለች። ለእሷ አዝኜ ነው የዋሸሁት ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ለራሴ ነው የዋሸሁት።

«ደረስን» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን መመለስ የለም፣ መቀጠል ብቻ። «በሩ ተዘግቷል። ካህናቱ ቀድሰው ወደ መንደሩ ወርደዋል» አልኩ። ምንም አልጠረጠረችም። በጉልበቷ ወድቃ ፊቷን በድንጋዩ ላይ አደረገችና ተሳለመችው። ግንባሯ ነጭ ኩስ ሆነ። «ግድግዳው ድንጋይ ነው?» አለችኝ። «ድንጋይ ነው፣ የጥንት ነው» አልኳት። አፍንጫዋን አነሳች፣ «ምንድነው የሚሸተው?» «የሌሊት ወፍ ነው። የቆየ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነው የሚሸተው።» ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ብቻዋን፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ እልል አለች። ወፎቹ በአንዴ ብር ብለው ተነሱ። ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። «እርግቦች ናቸው» አልኩ። «ተመልከቺ፣ እርግቦቿ እንኳ ተቀበሉኝ» አለች፤ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ጃንጥላውን ከጨርቁ አውጥታ ዘረጋችው። ቀዩ ከፋይ በዚያ ነጭ ድንጋይ መሀል እንዴት እንደሚያምር! «የት ታደርጊዋለሽ?» አለችኝ። «በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ወደ ውስጥ ያስገቡታል።» ሄጄ ግራሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ንፋሱ እንዳይወስደው በነጠላዬ ዘርፍ አሰርኩት። የልጁ ስም ወደ ውሃው ዞሮ ይታያል። «አደረስኩ» አለች ከኋላዬ። «አንቺ ምስክሬ ነሽ። ነገ ከነገ ወዲያ እንኳ ብሞት፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ።» እሺ አልኳት።

ባለጀልባው ስንወርድ አየን፤ ከየት እንደመጣን አይቷል። «እናቶች፣ ደብሩ እኮ…» ብሎ እጁን ሲያነሳ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እሷን አያት፣ ግንባሯን፣ እግሯን። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው በክፉ ዓይን አይቶኛል፣ እንደዚያ ግን ማንም አይቶኝ አያውቅም። እጁን አውርዶ ወደ ወደቡ ቀዘፈ።

ያን ምሽት እኔ ቤት አደረች። ልጄ፣ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ ሞቅ ያለ ውሃ አቅርባ እግሯን አጠበቻት። እሾሁን በመርፌ ስታወጣ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ። «እማዬ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ መንገድ እንዲህ ነው እሾሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን የሰጠቻት ጓደኛዬ ናት፦ «ጽድቅ እኮ ቀላል አይደለም የኔ ልጅ!» ብላ። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ሳቅ በሳቅ ሆና፣ እርግቦቹን፣ የጥንቱን ግድግዳ፣ ሁሉንም ለልጄ አወራችላት። ባላየችው ነገር ላይ እሷም ትንሽ ጨመረችበት። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

እግሯ አልዳነም። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ጣት ቆረጧት። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት «ምን ችግር አለው፣ ለልጄ ሁለት ጣት ብዙ ነው?» አለችኝ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው እውነት ነው፤ የኔ አረም ግን እሷ ላይ ነው የበቀለው። ሆኖም ይሄ ገና መጀመሪያው ነበር።

ስለቷ ሳይደርስ ልጁን ከአጠገቧ አታርቀውም ነበር ብያለሁ። አሁን ደርሷል። ልጁ ሥራው ተቋረጠበት፣ የአራተኛው ፎቅ ግድግዳ አፈነው፣ እንደገና ልሂድ አለ። በዚያው በበረሃ፣ በዚያው በባሕር። ጓደኛዬ ጠራችኝ። ስደርስ አንዲት ትንሽ ቦርሳ በሩ ጋ ተቀምጣለች፣ እሷ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ የልጁን ራስ በሁለት እጇ ይዛለች። «ሂድ ልጄ። ያኔ ተደብቀህ ነው የሄድከው፣ አሁን በምርቃት ትሄዳለህ። እኔ ላንተ የተሳልኩትን አድርሻለሁ፣ አሁን የእመቤቴ ነህ። ባሕሩ ላይም ብትሆን በጃንጥላዋ ሥር ነህ» እያለች ትመርቀዋለች። እኔ ቆሜያለሁ።

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። «ስሚ…» አልኩ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልጁ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ፦ «ማዘር፣ አንቺ ባትወስጃት ኖሮ እኮ መቼም አትለቀኝም ነበር። ውለታሽን አልረሳም። ሰው ስሆን እከፍልሻለሁ።» ከዚያ በኋላ ምን ልበል? «ስሚ፣ ስንቅ አሲዘሽዋል ወይ?» ብዬ ነው የጨረስኩት። አዎ፣ በሶ አሲዣለሁ አለች። አንድ ጃንጥላ ባሕር ያቆማል ብዬ አላምንም፤ ተሰቅሎም ቢሆን፣ ሳይሰቀልም ቢሆን ባሕሩ ባሕር ነው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ እሷ እጁን አትለቅም ነበር። በሩ ላይ ተኝታ «ረግጠኸኝ ውጣ» ትለው ነበር፤ እሱ ደግሞ እናቱን አይረግጥም።

ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ። ማታ ጀልባ አለ አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

መጀመሪያ ላይ አልፈራችም። «እመቤቴ ጋ ነው ያለው» ትላለች። ቆየት ብላ ግን እየደወለች ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ትጠይቀኝ ጀመር። «በሩ ምን ዓይነት ነበር?» ሰማያዊ እላታለሁ። «መስቀል አለው?» አለው። «ጃንጥላው ተደግፎ ነበር ወይስ ተንጠልጥሎ?» ተንጠልጥሎ። በየሳምንቱ በሩ እየተለቀ፣ መስቀሉ እያማረ ሄደ። እኔም ለመድኩት፤ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ ፋይል እያገላበጥኩ ያልነበረ ደጀ ሰላም እሠራላታለሁ። ሳልናደድ የማናግራት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

የደብሩ በዓል ደረሰና ማኅበርተኛው ሄደ። እኔ ሳላውቅ ጓደኛዬ አንዷን የድሮ ጎረቤት «ጃንጥላዬን አይተሽልኝ ነይ፤ የልጄ ስም ከውስጥ ተጠልፎበታል» ብላ ልካት ኖሯል። ሴትየዋ በዓሉ አልቆ ስትመለስ እውነቱን ነገረቻት። ዕቃ ቤቱን አስከፍታ የስለቱን ጃንጥላ አንድ በአንድ እየዘረጋች አይታለች። እንዲህ ያለ ስም የለም። ዕቃ ጠባቂውም እንዲህ ያለ ጃንጥላ በር ላይ ተሰቅሎ አግኝቼ አላውቅም ብሏል።

በማግስቱ እሑድ በክራንች፣ በሁለት ታክሲ፣ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ልጄ ደረጃው ላይ አገኘቻትና ደግፋ አስገባቻት። ከስታለች። የሰማችውን ነገረችኝና «አልተቀበለችኝም ማለት ነው» አለች። «ምን በድያት ይሆን? ስወጣ አንዴ በልቤ ተጠራጥሬ ነበር፤ እሱ ይሆን? ወይስ ጉልበቴ ሲመታ ክፉ ቃል ወጥቶኝ ይሆን? አንቺ ነበርሽ፣ እስቲ አስታውሺኝ፣ ምን አጠፋሁ? ልጄን ያስወሰድኩት በምኔ ነው?»

ልጄ ኩሽና ገብታ ሻይ እየጣደች ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉንም ትሰማለች። አሁን ብናገር ልጄም ትሰማለች። ይሄን አሰብኩ። ጓደኛዬ ከፊቴ እየፈረሰች እኔ ያሰብኩት ይሄን ነው።

«ተሰርቆ ይሆናል» አልኳት። «በር ላይ ነው እኮ የሰቀልነው። የወርቅ ዘርፍ አይቶ አንዱ ወስዶት ይሆናላ።»

ይሄ ጨርሶ አልመጣላትም ነበር። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ። «ተሰርቆ!» አለች። «እኔ ደግሞ እንቢ አለችኝ ብዬ! አንቺ ባትኖሪ እኮ በዚህ ሐሳብ ላብድ ነበር።» እጄን ፈልጋ ያዘችኝና ሳመችው። አፏ ደረቅ ነበር። ቀጥላ ራሷን አቀናች፤ ያቺ ለስላሳ ሴት፣ በሕይወቷ ሰው ረግማ የማታውቅ፣ ሁለት እጇን ወደ ጣራው ዘረጋች።

«የልጄን ጃንጥላ ከእመቤቴ ደጅ ያስቀረ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ የቀመስኩትን ያቅምሰው። የልጁን ድምፅ እንደናፈቀ ስልክ አቅፎ ይሙት። ልጁ የት እንደወደቀ የሚነግረው ሰው ይጣ።»

«አሜን በይ» አለችኝ።

ልጄ ሻዩን በትሪ ይዛ ስትመጣ ነበር። ምርቃት ይሁን እርግማን፣ ትልቅ ሰው እጁን ከዘረጋ አሜን ይባላል፣ እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። ትሪውን አስቀምጣ አንገቷን ደፋ አድርጋ «አሜን» አለች።

እኔም አሜን አልኩ።

«እርግማን እንዲደርስ ሦስቴ ነው» አለች ጓደኛዬ። ሦስቴ አልን።